ክኒኑ እንዳይቋረጥ
(ጳጉሜን 2፣ የዱሼን ቀንን ምክንያት በማድረግ ጎንደር ላይ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እናቶች፣ አባቶች።

ነገ ሩፋኤል ነው። ዝናብ ከጣለ የሰፈሩ ልጆች ተሯሩጠው ወጥተው ይታጠባሉ። ልጄም ድሮ አብሯቸው ይወጣ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ከመሬት ለመነሳት ጉልበቱን፣ ከዚያ ጭኑን በእጁ መደገፍ ጀመረ። ባቱ ወፍራም ስለነበር ጎረቤት "ሯጭ ይወጣዋል" ይለኝ ነበር። አንድ ጤና ተቋም ወሰድኩት፤ "ሰነፍ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል" አሉኝ። በዚህ ሁለት ዓመት አለፈን።

በሽታው ዱሼን ይባላል። ጡንቻን ከጉዳት የሚጠብቀውን ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን የልጁ ሰውነት መሥራት አይችልም። ስለዚህ እግር፣ ክንድ፣ መተንፈሻና ልብ ቀስ በቀስ ይደክማሉ። በብዛት የሚይዘው ወንዶችን ነው። "ከእናቱ ዘር ነው" እየተባላችሁ የምታለቅሱ እህቶቼ፣ ስሙኝ። ዱሼን ያለበት ልጅ ካላቸው ሦስት እናቶች አንዷ ገደማ በሽታውን የሚያመጣው የጂን (የዘር መመሪያ) ለውጥ ተሸካሚ አይደለችም፤ ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው። ተሸካሚ ብትሆኑም ጥፋታችሁ አይደለም። ልባችሁን ግን ተመርመሩ፤ የተሸካሚ እናትም ልብ ሊደክም ይችላል።

ሁላችሁም ወደምትጠይቁኝ መርፌ ልምጣ። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዱሼን የመጀመሪያውን የጂን ሕክምና ፈቀደች። ያጠረ የዲስትሮፊን ጂን በቫይረስ ተጭኖ ወደ ጡንቻ ይገባል። ሲፈቀድ ዋጋው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሚሰጠው አንዴ ብቻ ነው፤ የጠፋ ጡንቻም አይመልስም። በ2025 መራመድ ያቆሙ ሁለት ልጆች መርፌውን ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው ተጎድቶ ሞቱ። ሳይንሱ ይሻሻላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ግን እባካችሁ፣ ለእሱ ብላችሁ ቤት አትሽጡ።

በእጃችን ያለው ፕሬድኒሶሎን ነው። ርካሽ ክኒን ነው፤ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ጊዜ ግን በዓመታት ያራዝማል። ያወፍራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስለዚህ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። በድንገት ማቆም ደግሞ ሕይወት ያሳጣል፤ ክኒኑን የለመደ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ቶሎ መሥራት አይችልም። ይህን የማነሳው ጠበል ስንሄድ ክኒን የምንተው ስላለን ነው። እኔም ልጄን ጠበል እወስዳለሁ። ክኒኑን ግን በኪሴ ይዤ ነው። ካህናት አባቶቻችን፣ "መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ" በሉልን። ከእናንተ አፍ ሲወጣ ይሰማል።

ማታ ማታ ቡናው እስኪፈላ ቁርጭምጭሚቱን አሳስበዋለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት ያሳየችኝ። በዓመት አንዴ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳል። ኦፕራሲዮን ካስፈለገ ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ "ዱሼን አለበት" ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አንዳንዱ ማደንዘዣ ለእነዚህ ልጆች አደገኛ ነው።

መምህራንም እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። መስከረም ላይ ልጄ አራተኛ ክፍል ይገባል። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። እባካችሁ፣ ክፍሉን ወደ ምድር አውርዱልን።