በሬው ያርፋል፣ ትራክተሩስ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ድምፄ ጎርነን ብሎባችሁ ከሆነ፣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ያደረውን ዝናብ ሳዳምጥ ስላነጋሁ ነው። የማናግራችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ከቦርከና ወንዝ ፈቀቅ ብላ ካለችው ማሳችን ሆኜ ነው። ሰኔ እየተገባደደ ነው፤ መሬቱ ለጤፍ መዘጋጀት አለበት። ትራክተሩ ግን ዛሬ ከመጠለያው አልወጣም። ለምን እንዳልወጣ ልነግራችሁ ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት፤ ነገሩ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ይጀምራል።

ትራክተሩ የመጣ ዕለት አንድ አዛውንት ጎረቤቴ፣ አያ ብዬ የምጠራቸው፣ ዙሪያውን ዞሩት። ትንሽ ትራክተር ነው፣ 28 የፈረስ ጉልበት። መዳፋቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳርፈው፣ ልክ የበሬ ሻኛ እንደሚዳስስ ሰው፣ «ለመሆኑ ይኼ የሚያርፈው መቼ ነው?» አሉኝ። እኔም በኩራት «ናፍጣ እስካለው ድረስ አይደክመውም፣ አያ» አልኳቸው። «የማይደክም ነገር አለ እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ዝም አሉ።

የጠየቁት ከልባቸው ነበር። በሬ ሲደክመው ምላሱን ያወጣል፣ ይጎተታል፣ ሲብስበት ፈሩ ውስጥ ይተኛል። ፀሐይ ስትበረታ ይፈታል። አባቴ ዓርብ ለጁምዓ ቀንበር ያወርድ ነበር፤ አያ ደግሞ ሰንበትንና የታቦታቱን ቀን ያከብራሉ። እዚህ ወሎ ውስጥ በሬው በሁለቱም ወገን ዕረፍት ተቆጥሮለታል። አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ሁለቱንም በሬዎቹን ካጣ በኋላ፣ ጥማድ እስኪመልስ ድረስ የሰው በሬ እየለመነ ያረሰባቸውን ዓመታት ሲያነሳ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ታዲያ እኔ የማያልቅ፣ የማይደክም በሬ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ክረምት ተሳሳትኩ። መሪው ፊት ለፊት ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት የምትቆጥር መስኮት አለች። መመሪያው የመጀመሪያው የሞተር ዘይት በ50 ሰዓት እንዲለወጥ ያዛል፤ በአዲስ ሞተር ውስጥ ብረት ከብረት ሲላመድ የሚረግፈው ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይቀራልና። እኔ ግን ወቅቱ እያለፈብኝ፣ ጎረቤትም እየጠበቀኝ ነበር። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ 90 ደረሰ። ዘይቱን በሳፋ ሳወርደው ፀሐይ አረፈችበትና ውስጡ አንድ ነገር አብለጨለጨ። በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ ከለሰለሰው ዘይት ውስጥ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ነገር አገኘሁ። ያ የትራክተሬ አካል ነበር። ደክሞት ሲነግረኝ የከረመው በዚያ መልኩ ነበር፤ የምሰማበትን ጆሮ ግን አላበጀሁም።

ከዚያ ወዲህ ሞተር ሳላስነሳ በፊት ግማሽ ሰዓት ለእሱ እሰጠዋለሁ። ዘይቱን በመለኪያው፣ የራዲያተሩን ውኃ በዓይኔ፣ የጎማዎቹን ዳዶ በቁልፍ አያለሁ። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ብርጭቆ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሁሉ እመለከታለሁ፤ በጀሪካን የሚቀመጥ ናፍጣ ውኃ ይጠራል፣ ውኃው ከሥር ሲዘቅጥም በግልጽ ይለያል። ከሁሉም የምወደው ግራሶ መስጠቱን ነው። የዋልካ ጭቃ በየመጋጠሚያው ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሞረድ ይበላል። ፖምፓውን ስጫነው መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር፣ ጭቃ የተቀላቀለበት ነው። ከዚያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ንጹሑ ብቅ ይላል። ንጹሑን ሳላይ አልተውም።

ጤፍ ስንወቃ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መውቂያው የሚዞረው ትራክተሩ ከኋላ በሚያወጣው ዘንግ ነው፤ በደቂቃ 540 ዙር። ትራክተሩ በገለባ ደመና ውስጥ ቆሞ ስለሚውል፣ ራዲያተሩ ያንን ገለባ እየሳበ ይደፈናል። በኮምቦልቻ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳን እዚህ ከቆላው ይበልጥ ያስፈልጋል። በየሰዓቱ አጥፍቼ ገለባውን በለስላሳ ብሩሽ አወርዳለሁ። ክዳኑን ግን ሙቅ እያለ አልነካውም፤ ሞተሩ ሳይበርድ የተከፈተ ራዲያተር ፊት ይልጣል።

አሁን ለማውራት ወደሚከብደኝ ልምጣ። አምና ጥቅምት ላይ ደሴ ዙሪያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ ከተዳፋቱ ላይ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ግንድ እንድጎትትለት ጠየቀኝ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን የሐረጎ ዳገት አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታል። የእኔ 28 ፈረስ ኮምቦልቻ ላይ 23፣ ደሴ ላይ 21 ቢሆን ነው። ሐረጎን ስወጣ ጭሱ ጠቆረ፤ ማርሽ ቀንሼ ቀስ አልኩ። ትራክተር የምትገዙ የወሎ ደጋ ሰዎች ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ፈረስ ከነሙሉው እንዳትቆጥሩት።

ስደርስ ደክሞኝ ነበር፣ መሽቷልም። ሰንሰለቱን በዝቅተኛው መጎተቻ ማሰር ሲገባኝ፣ ለእጄ የቀረበው ላይኛው ማያያዣ ስለነበር እዚያው አሰርኩት። ከራሴ በላይ የሚቆመውን የብረት ቅስትም ቅርንጫፍ እንዳይነካው ብዬ አጥፌው ነበር። ግንዱ ድንጋይ ያዘው። ፍሪሲዮኑን ስለቅ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። ከፊቴ የነበረው ዳገት ጠፍቶ ሰማይ ብቻ አየሁ። ወንድሜ «ያ አላህ!» ሲል ሰማሁ፤ እግሬ ፍሪሲዮኑን መልሶ ረገጠና ትራክተሩ ተመልሶ በፊት ጎማዎቹ ወደቀ። ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። እጄ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎኝ ቆየሁ።

በኋላ ሳነብ የተረዳሁት፣ ትራክተር እንዲህ ወደ ኋላ ተገልብጦባቸው የሞቱት ብዙዎች መሆናቸውን ነው። አየርላንዳዊው ሃሪ ፈርጉሰን ትራክተርን ከማረሻው በሦስት ክንድ የሚያያይዘውን ሥርዓት ሲያበጅ ከያዙት ሐሳቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ማረሻ ድንጋይ ሲይዝ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂው ላይ ይወድቅ ነበርና። ሥርዓቱ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በፎርድ ትራክተር ላይ ወጣ፣ ዛሬም የእኔ ትራክተር ላይ አለ። እኔ ግን ሰንሰለቱን ከላይ በማሰሬ ያን ሁሉ ጥበብ ከንቱ አደረግሁት። ስዊድን ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ1959 በአዲስ ትራክተሮች ሁሉ ላይ መገልበጥን የሚቋቋም መከላከያ አስገዳጅ አድርጋለች። ያ ቅስት የእኔም ትራክተር ላይ ነበረ፤ አጥፌው ነበር እንጂ። አሁን እንደቆመ ነው የሚውለው፣ ቀበቶዬም ይታሰራል። ቅስቱን ማጠፍ ግድ በሚሆንበት ጠባብ ቦታ ግን ቀበቶ አይታሰርም፤ ብትገለበጡ ቀበቶው ከሥር ያስቀራችኋልና። ልጆቻችሁን ጭቃ መከላከያው ላይ አስቀምጣችሁ የምትነዱ ወላጆች፣ እለምናችኋለሁ፣ አውርዷቸው።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ጠዋት ከማሳው መሃል አንድ ጭብጥ አፈር አነሳሁ። ዋልካ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ደግሞ ከእግር አይላቀቅም፤ በሁለቱ መሃል ለትራክተር የሚመቸው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። አፈሩን ጨብጬ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። እንደ ሊጥ ተዘረጋ፣ አልተሰበረም። በዚህ ላይ ጎማ ቢገባ ከሥሩ ያለውን አፈር ጠፍጥፎ ያደድረዋል፤ ያን የደደረ ንጣፍ የጤፍ ሥር አይበሳውም፣ ውኃም ላዩ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ቀኑን በግራሶና ቢላ በመሳል አሳለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ አያ መጥተው ነበር። ማሳውን አብረን ዞርነው። የላይኛው ክፍል ፀሐይ ካገኘ በሦስት ቀን ይጠነፍፋል፣ ወደ ወንዙ ያለችው ጥግ ግን ዘንድሮ ለትራክተር አትሆንም አሉ፤ እኔም ልክ ናቸው አልኩ። እሷን በበሬዎቻቸው ሊያርሱልኝ ተስማምተናል። እኔ በምትኩ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ማሳቸውን በትራክተር አርስላቸዋለሁ። ቀን አልቆረጥንም፤ ዓርብና እሑድ እንዳይሆን ብቻ ተነጋግረናል።