ተኩላው ለምን ቀጥቃጭ ሆነ?

(ባሕር ዳር ላይ ለፊልም ወዳጆች፣ ከፊልም ማሳያ ፕሮግራም በፊት የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ቫምፓየርና ስለ ተኩላ ሰው ተናገርልን ሲሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኳቸው "ቀኑ ጾም ነው እንዴ?" ብዬ ነው። አይደለም አሉኝ። እንግዲያው ስለ ደም እንደ ልብ ማውራት እንችላለን።

ዛሬ የምናየው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን "አንደርወርልድ" ነው። ዳይሬክተሩ ሌን ዋይዝማን ነው። ኬት ቤኪንሴል ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሁለት ሽጉጥ ይዛ ከፎቅ የምትዘልበት ፊልም። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በአማርኛ ትርጉም ያያችሁትም አትጠፉም፤ አንድ ተርጓሚ የሴቷንም፣ የወንዱንም፣ የተኩላውንም ድምፅ ብቻውን ሲወጣው።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቫምፓየሮቹ ጌቶች ናቸው። ትልቅ ግቢ አላቸው፣ ሐር ይለብሳሉ፣ በብርጭቆ ይጠጣሉ። ተኩላዎቹ፣ በፊልሙ ስማቸው ላይካኖቹ፣ ከከተማው ሥር ፍሳሽ ውስጥ ይኖራሉ። ሁለቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ተዋግተዋል። አንዱ የብር ጥይት ይተኩሳል፤ ሌላው የፀሐይ ጨረር የታጨቀበት ጥይት ሠርቷል። ጦርነቱ እንዴት እንደተጀመረ መመርመር ደግሞ በቫምፓየሮቹ ቤት ክልክል ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሁለቱን ጭራቆች አንድ ፊልም ላይ ማምጣት አዲስ ነገር አይደለም። ሆሊውድ በ1940ዎቹም ሞክሮታል። አዲሱ ነገር በድሮው ተረት ቫምፓየር የሚባረርበትን መስቀልና ነጭ ሽንኩርት ጥሎ ሽጉጥና ቫይረስ ማምጣቱ ነው። እርግማን የነበረው የደም በሽታ ሆነ። ከደራሲዎቹ አንዱ ኬቨን ግሬቪዮ ማይክሮባዮሎጂ የተማረ ሰው ነውና አይገርምም። ያው ሰውዬ ፊልሙ ውስጥም አለ፤ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ እንደሚወጣ የሚጎረንነው ግዙፍ ላይካን እሱ ነው።

ቀረጻው ቡዳፔስት ነበር። በጀቱ ሃያ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለሆሊውድ የኪስ ገንዘብ በሉት። ከ90 ሚሊዮን በላይ አስገባ። እስከ 2016 ድረስ አምስት ፊልም ሆነ። ተኩላዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር የተሳሉ አይደሉም። ፓትሪክ ታቶፑሎስ በሠራው ልብስ ውስጥ የገባ ሰው ነው የምታዩት። ክብደቱ ያስታውቃል። ግድግዳ ሲነካ ግድግዳው የተነካ ይመስላል። እዚህ ውስጥ ካሜራ ይዛችሁ የምትሮጡ ልጆች ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኮምፒውተር ስለሌላችሁ ጭራቅ መሥራት አንችልም አትበሉ።

እንከኑንም ልናገር። ፍቅሩ አይጥምም። ማይክል የሚባለው ሐኪም ግማሹን ፊልም ራሱን ስቶ ነው የሚያሳልፈው፤ ነቅቶም ብዙ ለውጥ የለውም። ተኩሱም በዝቷል። አንዳንዴ ማን ማንን እንደሚተኩስ ይጠፋችኋል።

ታዲያ ለምን እናየዋለን? ወደዚያ ልምጣ።

ሴሊን፣ ቤኪንሴል የምትጫወታት ዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ዘመዶቼን የጨረሱት ላይካኖች ናቸው ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታድናቸው ኖራለች። የነገራት ቪክተር ነው፤ ያሳደጋት የቫምፓየሮች አለቃ። ኋላ ላይ ስትደርስበት ገዳዩ ራሱ ቪክተር ነው። ያልገደላትም ልጁን ስለምትመስለው ነው። ያቺን ልጁን ደግሞ ከላይካን ጋር ፍቅር ይዟት ስላረገዘች በፀሐይ አስቃጥሏታል። የምርመራው ክልከላ ምክንያቱ ይኸው ነው። ላይካኖቹ ጥንት የቫምፓየሮቹ ባሪያዎች ነበሩ። ጌቶቹ ቀን መውጣት ስለማይችሉ ቀን ቀን ይጠብቋቸው ነበር። አውሬ የተባሉት ዘበኞቹ ናቸው። ግሬቪዮ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የዚህ የተከለከለ ፍቅር ሐሳብ የመጣለት ከሌላ ዘር ሴት ጋር በነበረው ግንኙነት ካየው ነገር መሆኑን ተናግሯል።

በ2009 የወጣው ሦስተኛው ፊልም ወደ ኋላ ሄዶ ያንን ዘመን ያሳያል። እዚያ ነው እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ነገር ያለው። የተኩላዎቹ መሪ ሉሺያን፣ ማይክል ሺን የሚጫወተው፣ በቪክተር ግንብ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ቀጥቃጭ ነው። እሳት ፊት ቆሞ ለጌቶቹ ብረት ይቀጠቅጣል። አንገቱ ላይ ወደ ተኩላነት እንዳይለወጥ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። ቁልፉን ራሱ ቀጥቅጦ ሠርቶ ይፈታዋል።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን አይቶ ዝም ሊል አይችልም። ቀን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሌሊት አውሬ የሚሆን ሰው! የአያቶቻችን ወሬ አይደለም እንዴ?

ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ፣ ብረት የሚሠሩና ሸክላ የሚሠሩ ቤተ እስራኤሎች "ሌሊት ጅብ ይሆናሉ" ይባሉ ነበር። ቡዳ ናቸው፣ በዓይናቸው ይበላሉ። ሕፃን ሲያምር እትፍ እትፍ የሚባለው፣ አንገቱ ላይ ክታብ የሚታሰረው ለዚሁ ነው። የታመመውን ሰው ያጥኑትና "ማን በላህ?" ይሉታል። ስም ይጠራል። የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ የእጅ ባለሙያ ስም ነው። ደብሩ ደጃፍ ያለ የባለ ርስት ስም ሲጠራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ጊዜ የቀጥቃጭ ቤት ገብታችሁ እዩ። ከፍየል ቆዳ የተሠራ ወናፍ አለ፤ ልጁ አንዱን ሲጫን ሌላውን ያነሳል። ከሰሉ ይቀላል። ሰውዬው ብረቱን በጉጠት ይዞ አውጥቶ በመዶሻ ይለዋል፣ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ይለዋል። ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም፤ ከነቀለ ማረሻው ይበላሻል። ጭሱ ዓይኑን አቅልቶታል። ያን ማረሻ ይዞ የሚሄደው ገበሬ ነው እንግዲህ ያን ዓይን የሚፈራው። ያለ ማረሻው አያርስም፣ ከሠራው ሰው ጋር ግን ማዕድ አይቆርስም።

እዚሁ ባሕር ዳር ደግሞ የወይጦ ማኅበረሰብ አለ። ደንገል አጭዶ ታንኳ ሲሠራ የኖረው እሱ ነው። በታንኳው እየተሻገርን "ጉማሬ በላ" ብለን ለየነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ማውጣታቸው ያለ ነገር አይደለም። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ መስደብ ይቅር፣ ሠራተኛን በሙያው የሰደበ እኔን እንደሰደበ ነው አሉ። ቅጣቱንም አንድ ዓመት እስር አደረጉት። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን አልወጣም።

ስለዚህ ይህን ዓይነት ፊልም እኛም እንሥራ ለምትሉ፣ እንደምትሉም አውቃለሁ፣ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ረጅም ጥቁር ካፖርትና ዝናብ አትቅዱ። በባሕር ዳር የሰባት ሰዓት ፀሐይ ቫምፓየር ከዘንባባ ጥላ አይወጣም። ደግሞ በድሮው በድራኩላ ታሪክ ቫምፓየር ካልጋበዙት ቤት አይገባም። የእኛ ጅብ ሳይጋበዝ ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል ነው! ግንብ ከፈለጋችሁ ጎንደር አለ። ጎርጎራ ላይ የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ አለ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ትግራይ ውስጥ የኖረ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ማየቱን ጽፏል። እስቲ አስቡት። ከዚህ የበለጠ የፊልም መክፈቻ አለ? ጉትቻውን ማን አደረገለት? ለምን? ማንን ለማስወንጀል?

ሁለተኛው ይበልጣል። ቀጥቃጩ እውነትም ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው የሚበላበት ፊልም ከሠራችሁ፣ ያን የድሮ ስድብ በጥሩ ካሜራ ደገማችሁት ማለት ነው። የተሰደቡት ሰዎች ልጆች ዛሬም አሉ፤ ምናልባት ከአጠገባችሁ ተቀምጠዋል። አንደርወርልድ ከዚህ ወጥመድ የሚያመልጠው መጀመሪያ በጌቶቹ ዓይን አሳይቶን ኋላ ዓይኑን ስለሚገለብጠው ነው።

ይህን ዘዴ ሥዕሎቻችን ላይ ታገኙታላችሁ። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄዱ ግድግዳውን እዩ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ልማድ ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ዳይሬክተር ምን ያደርጋል? ይህንኑ ነው። ላይካኖቹ መጀመሪያ በጨለማ፣ በጎን፣ በጀርባ ይታያሉ። እዚያው ግድግዳ ላይ ደግሞ በላዔ ሰብእ አለ፤ ሰባ ስምንት ሰው በልቶ በአንድ እፍኝ ውኃ የዳነው። ሠዓሊዎቻችን ሰው በላውን እንኳ ሚዛን ላይ ሳያወጡ አልጣሉትም። የፊልም ሰው ከእነሱ ማነስ የለበትም።

እንግዲህ ፊልሙ ሲጀመር ሉሺያንን ተከታተሉት። ካሜራው ሁለት ዓይኑን ቁጭ ብሎ የሚያየው የት ላይ ነው? እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቪክተርን ደግሞ እንዴት እንዳስቀመጠው እዩ፤ ቪክተርን የሚጫወተው ቢል ናይ ገና ከመቃብሩ ሲነሳ የቆዳውን ነገር ተዉት፣ አቀማመጡን እዩ።

ከፊልሙ በኋላ እዚሁ ነኝ። ስክሪፕት የጀመራችሁ ካላችሁ አምጡ፤ በተለይ ከቀጥቃጭ ቤት ወይም ከታንኳ ሠሪ ቤት የወጣ ጸሐፊ ካለ፣ የሱን መጀመሪያ ማንበብ እፈልጋለሁ።

አመሰግናለሁ። መልካም ፊልም።