«ፒክ አፕ ኢት» ለምን አይባልም?

[ጥቁር ስክሪን። የስልክ ጥሪ ድምፅ።]

ስልክ ይጮኻል። አጠገባችሁ ላለው ሰው «አንሳው» ልትሉት ነው፤ በእንግሊዝኛ። ምን ትላላችሁ?

እኔ ለብዙ ዓመት «ፒክ አፕ ኢት» ስል ኖሬያለሁ። ማንም አላረመኝም። ይገባቸዋላ! ሲመልሱልኝ ግን ሁሌ «ፒክ ኢት አፕ» ነበር የሚሉት። ቃላቱ ያው የኔው ናቸው። «ኢት» ብቻ ቦታ ቀይሯል። ልብ ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ፒክ አፕ ዘ ፎን / ፒክ ዘ ፎን አፕ / ፒክ ኢት አፕ]

ሦስቱም ትክክል ናቸው። ስልኩን በስሙ ከጠራችሁት ከ«አፕ» በፊትም ከ«አፕ» በኋላም መግባት ይችላል። በ«ኢት» ከተካችሁት ግን ምርጫ የለም፤ መሀል ይገባል። «ሂም»፣ «ኸር»፣ «ዜም» ቢሆንም ያው ነው። መብራት ለማጥፋት «ተርን ኢት ኦፍ»፣ የተኙትን ለመቀስቀስ «ዌክ ዜም አፕ»።

ለምን? እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለከባዱ ቃል ማስቀመጥ ይወዳል። ለአዲሱ፣ ድምፅ ጠንከር ለሚልበት። ተውላጠ ስም ደግሞ ቀላል ነው። ስለምን እንደምናወራ ስለምናውቅ አይደል «እሱን» ብለን ያለፍነው? ስለዚህ ሾልኮ መሀል ይገባና መጨረሻውን ለ«አፕ» ይለቃል። እስቲ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ ፒክ ኢት አፕ። ድምፃችሁ የቱ ላይ ጠነከረ?

አሁን አንዱ ተነስቶ «ታዲያ ‹ሉክ ፎር ኢት›ስ?» ይለኛል። «ፈልገው» ማለት ነው፤ «ኢት» መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሏል። ልክ ነው። «ፎር» መስተዋድድ ነዋ። መስተዋድድ ተውላጠ ስሙን ከኋላው አስከትሎ ይሄዳል፤ አይለቀውም። «አፕ» ግን እዚህ ቦታ ተውሳከ ግስ ነው። ግሱን ያግዛል እንጂ የሚያስከትለው የራሱ ስም የለውም። ግራ ከገባችሁ በስም ሞክሩት። «ፒክ ዘ ፎን አፕ» ያስኬዳል። «ሉክ ዘ ፎን ፎር» የሚል ሰው የለም።

ጣጣው አንዱ ቃል ሁለቱንም ሥራ መሥራቱ ላይ ነው። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፤ የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ አይ ሶው ስሩ ሂም / አይ ሶው ሂም ስሩ]

በፊደላችን ሲጻፍ «ሥራ ሥሩ» የሚል ይመስላል፤ ቻሉኝ። የመጀመሪያው «ነቃሁበት» ማለት ነው። ሊሸውደኝ ነበር፤ እኔ ግን ውስጡን አየሁት። ሁለተኛው «ከጭንቁ እስኪወጣ አብሬው ቆየሁ፣ ዳር አደረስኩት» ነው። በአንዱ ሰውየው አታላይ ነው፣ በሌላው የተቸገረ ወዳጅ። የተቀየረ ቃል ግን የለም። በመጀመሪያው «ስሩ» መስተዋድድ ሆኖ «ሂም»ን ይዞታል። በሁለተኛው ተውሳከ ግስ ነው፤ «ሂም» መሀል ገባ።

«ጌት ኦቨር ኢት»ም እንደዚሁ ነው። «እርሳው፣ ተወው» ማለት ነው። ላዘነ ሰው ግን ባትሉት ይሻላል፤ ሸካራ ነው። «ጌት ኢት ኦቨር ዊዝ» ደግሞ «ቶሎ ጨርሰውና ተገላገል»።

አሁን ቅድም «ነቃሁበት» ያልኩትን ያዙልኝ።

[በስክሪኑ ላይ፦ ነቃሁ + በ + ት]

ግስ፣ መስተዋድድ፣ ተውላጠ ስም። ሦስቱንም በአንድ ቃል ጨረስናቸው። «ያዙልኝ» ያልኳችሁም ራሱ ያው ነው፦ ያዙ፣ ለ፣ እኔ። ይህን ቀኑን ሙሉ እናደርገዋለን። ግሱ ጭራ ላይ ስለምንሰፋው አይታየንም እንጂ። እንግሊዝኛ ሳይሰፋ ለየብቻ ይደረድረዋል።

አንዳንዴ ደግሞ መመሳሰሉ ያስገርማል። «ስልኬ ዘጋብኝ» ማለት ስትፈልጉ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ» ይባላል። «ብኝ» እና «ኦን ሚ»። ስልኩ እላያችሁ ላይ አልወደቀም፤ የወደቀባችሁ ጣጣው ነው። ሁለት ዘመድ ያልሆኑ ቋንቋዎች ይህን ብሶት በአንድ ዓይነት መንገድ መናገራቸው ደስ ይለኛል።

መኪናም ይበላሽብናል፦ «ዘ ካር ብሮክ ዳውን ኦን አስ»። እዚህ ሁሉም ተሰብስበዋል። «ዳውን» ተውሳከ ግስ፣ «ኦን» መስተዋድድ፣ «አስ» ተውላጠ ስም። ሰልፉም ይኸው ነው። «ሉክ ዳውን ኦን ሂም» ስትሉ «ናቀው»፣ «ካች አፕ ዊዝ ኸር» ስትሉ «ድረስባት»፣ «ፑት አፕ ዊዝ ሂም» ስትሉ «ቻለው»። «ሂም»ን ከመጨረሻው ካነሳችሁት ነገሩ ይበላሻል። እንዲያውም «ዊዝ»ን ጥላችሁ «ፑት ሂም አፕ» ካላችሁ «ቤትህ አሳድረው» ሆኖ ቁጭ ይላል።

ግን «በት» ባያችሁ ቁጥር «ኦን» እንዳትሉ። «ጻፈበት»ን ተመልከቱ። ስለ ወረቀት ከሆነ «ሮት ኦን ኢት» ነው። ስለ ብዕር ከሆነ «ሮት ዊዝ ኢት»። አንዱን ሰው ለመክሰስ ከሆነ «ሮት አጌንስት ሂም»። እኛ አንዷን «በ» ይዘን ሁሉ ቦታ እንገባለን፤ እንግሊዝኛ በየበሩ ሌላ ቁልፍ ይጠይቃል። ስለዚህ «በት» ስትሰሙ መጀመሪያ «ምኑ?» ብላችሁ ጠይቁ። መሣሪያው ነው? ቦታው ነው? ወይስ ተጎጂው?

«ሰዓት አለቀብኝ» ደግሞ ጭራሽ ይገለበጣል። በአማርኛ የሚያልቀው ሰዓቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ግሱ የሰውየው ነው፦ «አይ ራን አውት ኦፍ ታይም»። ሰዓቱ ባለበት ቆሞ እኔ ሮጬ የወጣሁ ያስመስለዋል።

«ጎ ቱ ሆም» የሚለውን ስህተት ቶሎ እንለፈው። የመጣው ከኛው «ወደ ቤት» ነው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ከ«ጎ» ወይም ከ«ካም» ጋር ሲመጡ «ወደ»ን ውስጣቸው ይዘዋል፤ «ጎ ሆም»፣ «ካም ሂር» ይበቃል። «ፍሮም ሂር» እና «ኦቨር ዜር» ግን ይባላሉ። «ቱ»ን ነው የማይፈልጉት።

አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛም ድሮ እንደኛ መስፋት ይወድ ነበር። «ፎር ኢት» እንደማለት፣ በ«ኢት» ፋንታ «ዜር»ን ያስቀድምና መስተዋድዱን ከኋላው ይለጥፈዋል። በውልና በሕግ ሰነድ ላይ «ሂርባይ»፣ «ዜርኦፍ» እያሉ የሚያደክሙን ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው፤ አንዱ «በዚህ»፣ ሌላው «የዚያ»። አብዛኞቹ ከዕለት ንግግር ወጥተዋል። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ሁሉም ሰው አፍ ላይ አለ፤ ስፌቱ ስለማይታይ ማንም ቆርጦ አያየውም። «ዜርፎር»። ቃል በቃል «ስለዚያ»። እኛ «ስለዚህ» የምንለው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ዜር + ፎር / ስለ + ዚህ]