ማጣሪያውን ስናይ ምን እንይ? ስለ 1 ሺህ 500 ሜትር ሯጮቻችን ብቃትና ታክቲክ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም፤ የማነሣውም አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልግለጽ።

በሻምፒዮና አገራችንን የሚወክሉት አትሌቶች የሚመረጡበት ማጣሪያ በተቃረበ ቁጥር በአትሌቲክስ ወዳጆች መካከል የሚነሣው ክርክር የሚጀምረው ከሰዓት ነው። አንዱ የሚደግፋትን አትሌት የዓመቱን ፈጣን ሰዓት ይጠራል፤ ሌላው ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ የሚሻል ሰዓት ያላትን ያነሣል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ የተቋጨ ይመስላል። በ10 ሺህ ሜትር ይህ አነጋገር ብዙ ላያስት ይችላል። በ800 እና በ1 ሺህ 500 ሜትር ግን አንድ አትሌት ያለ አሯሯጭ፣ ማለትም ፍጥነቱን ጠብቆ ከፊት የሚመራለት ሯጭ ሳይኖር፣ በተፎካካሪዎች መሐል ተጨናንቆ፣ ድካም በተጫነው ጊዜ ፍጥነቱን መለወጥ መቻሉን ካላየን፣ ስለ ወቅታዊ ብቃቱ የምናውቀው ግማሹን ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዓመቱ ውስጥ በተለያዩ ከተሞች በሚካሄደው የዳይመንድ ሊግ ውድድር ፈጣን ሰዓት ሲመዘገብ አሯሯጩ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ርቀት ነፋሱን እየሰነጠቀ ይመራል፤ በመሙ ጠርዝ የሚበራው መብራትም የታቀደውን ፍጥነት ለሯጩ ያሳየዋል። የሻምፒዮና ፍጻሜ ሁለቱም የሉበትም። ማን ይምራ፣ መቼ ይፍጠን፣ ማን ይከተል የሚለውን ሯጮቹ ራሳቸው በሩጫ ላይ ይወስናሉ። በ2025 የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና ፖርቱጋላዊው ኢሳክ ናደር የወንዶችን 1 ሺህ 500 ሜትር ያሸነፈው በ3 ደቂቃ ከ34.10 ሰከንድ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው ጄክ ዋይትማን የተቀደመው በ2 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ ግን አሜሪካዊው ኮል ሆከር ወርቁን ለማግኘት 3 ደቂቃ ከ27.65 ሰከንድ መሮጥ ነበረበት። ለሁለቱም ዓይነት ፍጻሜ የተዘጋጀ አትሌት ማግኘት ቀላል አይደለም።

እኛ ግን እንዲህ ያለ አትሌት አይተናል። ሳሙኤል ተፈራ በ2018 በበርሚንግሃም የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ወርቅ ሲያገኝ ሰዓቱ 3 ደቂቃ ከ58.19 ሰከንድ ነበር፤ ሁሉም እየተጠባበቁ የሮጡበት፣ ፍልሚያው በሙሉ ወደ መጨረሻዎቹ ዙሮች የተገፋበት ውድድር ነበር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ከተማ 3 ደቂቃ ከ31.04 ሰከንድ ሮጦ የቤት ውስጥ የዓለም ክብረ ወሰንን ሰበረ። በፌብሩዋሪ 2022 ኖርዌያዊው ጃኮብ ኢንግብሪትሰን ያንን ክብረ ወሰን በፈረንሳይ ሲያሻሽል ሳሙኤል እዚያው ውድድር ላይ ሁለተኛ ነበር፤ በወቅቱ ሰዓትን ብቻ የሚመለከት ሰው የቀጣዩን ወር ሻምፒዮና ውጤት የተጻፈ አድርጎ ሊቆጥረው ይችል ነበር። በማርች ወር ቤልግሬድ ላይ ኢንግብሪትሰን እየመራ ሳሙኤል ከኋላው ሳይነጠል ተከተለው፤ በማብቂያው ላይ አልፎትም በ3 ደቂቃ ከ32.77 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። በሁለቱ የወርቅ ሩጫዎች መካከል ከ25 ሰከንድ በላይ ልዩነት አለ፤ ያሸነፈው ግን ያው ሰው ነው። ከማጣሪያ በፊት ስለ ብቃት ስንነጋገር ልንፈልገው የሚገባን ይህን ችሎታ ነው፤ ከሰዓት ሰንጠረዥ ላይ ግን ሊነበብ አይችልም።

ታክቲክም ቢሆን አንዴ ስለሠራ ብቻ ሁልጊዜ የሚሠራ አይደለም። ገንዘቤ ዲባባ በጁላይ 2015 ሞናኮ ላይ በ3 ደቂቃ ከ50.07 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረች በኋላ ወደ ቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ሄደች። ፍጻሜው እጅግ ዝግ ብሎ ተጀመረ፤ እሷም ከሩቅ ተነሥታ የመጨረሻውን 800 ሜትር ከ2 ደቂቃ በታች በመሮጥ ማንም ሳይደርስባት በ4 ደቂቃ ከ08.09 ሰከንድ አሸነፈች። በሪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜውም በተመሳሳይ መንገድ ዝግ ብሎ ጀመረ፤ ገንዘቤም እንደ ቤጂንጉ ከሩቅ ፍጥነት ጨመረች። በዚህ ጊዜ ግን ቤጂንግ ላይ ሁለተኛ ወጥታ የነበረችው ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን ከኋላዋ አልተነጠለችም፤ በመጨረሻው ዙር አለፈቻትና በ4 ደቂቃ ከ08.92 ሰከንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቋን ወሰደች። ይህን ፍጻሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ገንዘቤ ተሳስታለች ለማለት ዛሬም አልደፍርም፤ የነበራትን ትልቁን መሣሪያ ተጠቅማለች። የተለወጠው ነገር ተፎካካሪዋ ያንን መሣሪያ ከአንድ ዓመት በፊት ከቅርብ አይታው መዘጋጀቷ ነው።

ወደ ጉዳፍ ፀጋይ ልምጣ፤ በክርክራችን ውስጥ በጣም የምትበደል አትሌት እሷ ትመስለኛለችና። ስለ ጉዳፍ ዘወትር የሚነገረው «ፍጥነት አላት፣ ታክቲክ ግን የላትም» የሚል ፍርድ ነው። ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ከፍ አድርጎ መምራት ራሱ ታክቲክ መሆኑ ይዘነጋል። በ2022 በኦሬገን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ጉዳፍ የመጀመሪያውን 400 ሜትር ከ59 ሰከንድ በታች መርታ አለፈች። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ውድድሩ ለአጨራረስ ፍልሚያ እንዳይቆይና አብዛኞቹ ቀድመው እንዲነጠሉ ማድረግ። ኪፕዬጎን በ3 ደቂቃ ከ52.96 ሰከንድ አሸነፈች፤ ጉዳፍ በ3 ደቂቃ ከ54.52 ሰከንድ ብር አገኘች። በዚያ ቀን ወርቁን ያጣችው በታሪክ ውስጥ እጅግ ጠንካራ ከሆነች የ1 ሺህ 500 ሜትር ሯጭ ፊት ስለቆመች ነው፤ በዚያው ዘዴ የቀሩትን ሁሉ ከኋላዋ አስቀርታለች።

ፓሪስን በተመለከተ የተሰነዘረባት ትችት ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን እንኳ ያላየ ነው። በኤፕሪል 2024 ቻይና ውስጥ ሺያመን ላይ 3 ደቂቃ ከ50.30 ሰከንድ ስለሮጠች ብዙዎቻችን ፓሪስ ላይ ኪፕዬጎንን የምትፈትን እሷ ናት ብለን ጠበቅን። ነገር ግን በፓሪስ ሦስት ርቀቶችን ነበር የተሰለፈችው። የ5 ሺህ ሜትሩን ማጣሪያና ፍጻሜ፣ የ1 ሺህ 500 ሜትሩን ማጣሪያና ግማሽ ፍጻሜ ከሮጠች በኋላ በኦገስት 9 ምሽት የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ተወዳደረች፤ በማግስቱ ደግሞ ለ1 ሺህ 500 ሜትር ፍጻሜ ቆመች። በመጨረሻው ውድድር 12ኛ መውጣቷን እንደ ታክቲክ ጉድለት መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም። ሦስቱን ርቀቶች መደረብ ይገባ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ መልሱም የአትሌቷ ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኞችና የፌዴሬሽን ጭምር ነው። በዚያው ፍጻሜ ድሪቤ ወልተጂ በ3 ደቂቃ ከ52.75 ሰከንድ አራተኛ ስትወጣ ከነሐሱ የራቀችው በ14 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ስለዚህች ጥቂት ርቀት ብዙ ክርክር አልሰማሁም፤ ሊኖር ይገባ ነበር።

እንግዲህ ማጣሪያውን እንዴት እናዘጋጅ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ መሳሳት የ1 ሺህ 500 ሜትርን ሰዓት በሰከንዶች ያዘገየዋል፤ በዚህም ምክንያት የአገር ቤት ውጤትን ከአውሮፓ ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያስቸግራል። ፌዴሬሽኑ በ2019 እና በ2021 ማጣሪያውን ወደ ኔዘርላንድስ ሄንግሎ መውሰዱ በዚህ በኩል ጥቅም ነበረው። በ2021ዱ ማጣሪያ ለተሰንበት ግደይ የ10 ሺህ ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን መስበሯ ግን፣ ማጣሪያ ራሱ ወደ ሰዓት አደን ሊለወጥ እንደሚችል ያሳየናል። ለ10 ሺህ ሜትር ያ ድንቅ ቀን ነበር። ለ1 ሺህ 500 ሜትር ግን የምመኘው አሯሯጭ የሌለበት፣ ማንም ለማንም የማይመራበት ማጣሪያ ነው።

አሜሪካውያን ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ፤ ሚኒማውን፣ ማለትም ለመሳተፍ የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ያሟሉ ሆነው በማጣሪያው ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ይመረጣሉ። ዋጋው ከባድ ነው። የ800 ሜትር የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ አቲንግ ሙ በ2024 በማጣሪያው ፍጻሜ ገና በመጀመሪያው ዙር ወድቃ ከፓሪስ ቀረች። ከኢትዮጵያ የሄዱ ወላጆች ልጅ የሆነው ያሬድ ንጉሤ ደግሞ በፓሪስ ነሐስ ካገኘ፣ በፌብሩዋሪ 2025ም የቤት ውስጥ የአንድ ማይል ክብረ ወሰንን ለጥቂት ቀናት ከያዘ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ማጣሪያ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውጭ ሆኖ ቶኪዮ ሳይሄድ ቀረ። በአሜሪካ የምትገኙ ብዙዎቻችሁ በዚያ ቀን እንዳዘናችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አዝኛለሁ። ቢሆንም ማን ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ሕጉ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። እኛ ዘንድ ዝርዝር በወጣ ቁጥር የሚነሣው ጥርጣሬ ቡድኑን ከመነሻው የሚያቆስል በመሆኑ፣ ከሦስቱ ቦታዎች ሁለቱን በማጣሪያ፣ ሦስተኛውን በአሠልጣኞች ውሳኔ መሙላት፣ መስፈርቱንም ከወራት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ የተሻለ ነው እላለሁ።

እስከዚያው በማጣሪያው ቀን እኔ የምከታተለው ይህን ነው። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል አትሌቷ ስንተኛ ላይ ናት፣ የምትወጣበት ክፍተትስ አላት ወይ? ውስጠኛው መስመር አጭር ቢሆንም ታጥሮ የመቅረት አደጋ አለበት፤ ሆከር በቶኪዮ ግማሽ ፍጻሜ ከተፎካካሪዎች ጋር ተጋፍቶ ለመውጣት በመሞከሩ ከውጤት ተሰርዟል። ሌላዋ ፍጥነት ስትጨምር ወዲያው ትከተላለች ወይስ ሦስትና አራት እርምጃ ትዘገያለች? በ800 ሜትር ደግሞ የመሐመድ አማንን የ2013 የሞስኮ ፍጻሜ በአእምሮዬ እይዛለሁ፤ ከፊት ያሉት ሲጣደፉ በትዕግሥት ጠብቆ፣ ኒክ ሲመንስን በመጨረሻው ቀጥታ መስመር አልፎ በ1 ደቂቃ ከ43.31 ሰከንድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በፓሪስ በ1 ደቂቃ ከ57.15 ሰከንድ ብር ያገኘችው ጽጌ ዱጉማ በሚቀጥለው ማጣሪያ ከመጀመሪያው 400 ሜትር በኋላ የት እንደምትቆም፣ ከዚያስ በስንተኛው ሜትር ላይ እንደምትነሣ ለማየት እጓጓለሁ። እናንተም ስታዩ የመጨረሻውን 300 ሜትር ለብቻው ሰዓት ያዙና የተመለከታችሁትን ጻፉልኝ።