ሳልሞን ወንዝ ውስጥ አይበላም፤ ታዲያ ለምን ይነክሳል?

ሰናይት፦ ጤና ይስጥልን፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። የምናነጋግራችሁ ከሲያትል ነው። እኔ ሰናይት ነኝ፣ አጠገቤ ጋሽ ብርሃኑ አሉ። በዓሉ እንዴት አለፈ ጋሽ ብርሃኑ?

ብርሃኑ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም አለፈ። እዚህ አገር አደይ አበባ አይታየኝም፤ የመስከረም ምልክት ሆኖልኝ የቀረው ኮሆ ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ነው። ልክ በዕንቁጣጣሽ ሰሞን ከባሕሩ ወደ ግሪን ወንዝ፣ ወደ ስኖሆሚሽ፣ ወደ ስካይኮሚሽ መግባት ይጀምራል። ጎኑ እንደ አዲስ ብር ያበራል። ትናንት ንጋት ላይ ሦስት ጊዜ ሲዘል አየሁት፤ ልቤ እንደ ልጅ ነው የዘለለው።

ሰናይት፦ እንግዲያውስ በእሱ እንጀምር፤ ትራውትና ባስ የሚባሉት ዓሦችም ተራቸውን ያገኛሉ። እኔ ዘንግ ከያዝኩ ገና አራተኛ ዓመቴ ነው። ዓሣ እንደማጠምድ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ማታለያ ልግዛ?» ይለኛል። ማታለያ ስንል ትንሽ ዓሣ ወይም ነፍሳት እንዲመስሉ ከብረት፣ ከላስቲክና ከላባ የሚሠሩትን ማለታችን ነው።

ብርሃኑ፦ ጥያቄው ከመጨረሻው ይጀምራል። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ዓሣ አፉን የሚከፍተው ለምንድን ነው? ትራውት የሚከፍተው ስለሚርበው ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃው የሚያመጣለትን ይለቅማል። ባስ የሚከፍተው አድፍጦ አዳኝ ስለሆነ ነው፤ አጠገቡ ያለፈውን ይይዛል። ሳልሞን ግን ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል። ሆዱ ይኮማተራል፤ ባሕር ውስጥ ባከማቸው ስብ ብቻ ሽቅብ ይዋኛል፣ ዕንቁላሉን ይጥላል፣ ይሞታል።

ሰናይት፦ ይህን የነገሩኝ ቀን አላመንኩም ነበር። የማይበላ ዓሣ በመንጠቆ እንዴት ይያዛል?

ብርሃኑ፦ የማደን ደመ ነፍሱ አብሮት አለ፤ ቁጣውም አለ። ቦታዬ ብሎ ባረፈበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ፊቱ ላይ ሲርገበገብ ይነክሰዋል። ስለዚህ ለሳልሞን ምግብ አታቀርቢለትም፣ ትተነኩሺዋለሽ። ይህን ከያዝሽ የማታለያው ምርጫ ይቀልላል፤ መታየት አለበት፣ መንቀጥቀጥ አለበት፣ ከሁሉም በላይ እሱ ባለበት ጥልቀት ማለፍ አለበት። ከራሱ በላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ለሚያልፍ ነገር አይነሣም።

ሰናይት፦ ለኮሆ እርስዎ መጀመሪያ የሚያስሩት ጂግ ነው። ጭንቅላቱ እርሳስ፣ አካሉ ፀጉር ወይም ላባ የሆነ መንጠቆ ነው። አጣጣሉን ይንገሩልን።

ብርሃኑ፦ ኮሆ ፈጣን ውኃ አይወድም። ወንዙ ተጠምዝዞ ከዋናው ጉልበት የተለየበትን፣ ግንድ የወደቀበትን፣ ውኃው የቆመ የሚመስልበትን ቦታ ፈልጊ። 10 ግራም ገደማ የሚመዝን ጂግ፣ ጥቁርና ሐምራዊ ወይም ደማቅ ሮዝ ይሁን። ወርውሪ፤ እስኪሰምጥ ጠብቂ። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ነቅ አድርገሽ አንሺውና ወዲያው አውርጂው። የላላውን ክር ጠቅልዪ፣ እንደገና ነቅ። ዓሣው የሚይዘው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። አንዳንዴ ምንም አይሰማሽም፤ ክሩ ብቻ መውረዱን ያቆማል ወይም ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ሳትጠራጠሪ ሳቢ።

ሰናይት፦ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ያመለጠኝ እዚያ ላይ ነው። እጄ ላይ ግጭት እጠብቅ ነበር። ክሩን በዓይኔ መከተል ስጀምር፣ በተለይ ውኃውን ሰንጥቆ የሚያሳየውን የፀሐይ መነጽር ካደረግኩ በኋላ፣ ሁሉ ነገር ተለወጠ።

ብርሃኑ፦ መነጽሩን ከዘንጉ እኩል እቆጥረዋለሁ። ሌላው ስፒነር ነው፤ ሽቦ ላይ የምትሽከረከር የብረት ቅጠል ያለችው። ለሳልሞን ቁጥር 4 ወይም 5 እጠቀማለሁ። ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ትወረውሪያለሽ፣ ታሰምጫለሽ፣ ቅጠሏ እጅሽ ላይ ዱብ ዱብ እስክትል ብቻ ትጠቀልያለሽ። ከዚያ ውኃው ራሱ በግማሽ ክብ ይዟት ይወርዳል። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው በፍጥነት በመጠቅለል ነው። ስፒነር በፈጠነች መጠን ወደ ላይ ትነሣለች፤ ሳልሞኑ ደግሞ ታች ነው። ስፑን፣ ያቺ ማንኪያ የምትመስለው ብረት፣ ከስፒነር ቶሎ ስለምትሰምጥ ለጥልቅና ለፈጣን ውኃ ትሻላለች።

ሰናይት፦ ቀለሙስ? ሰው የሚጨቃጨቀው በዚህ ላይ ነው።

ብርሃኑ፦ ውኃውን እዪ። ከዝናብ በኋላ ሲደፈርስ ትልቅና ደማቅ፤ ብርቱካናማ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ይሁን። ሲጠራ ትንሽና ደብዛዛ። ከቀለም በፊት ግን የወንዙን መጠን እመለከታለሁ። ዝናብ ጥሎ ወንዙ ሲሞላ አዲስ ዓሣ ከባሕር ይገባል። ሙላቱ ጎድሎ ውኃው አረንጓዴ መስታወት መምሰል ሲጀምር ያ ቀን አያምልጥሽ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ጥናት መሥሪያ ቤት የየወንዙን መጠን በኢንተርኔት ያሳያል፤ እኔ ከአየር ትንበያው አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ሰናይት፦ ፒንክ ሳልሞንን ለጀማሪ ሳልጠቅስ አላልፍም። ዕድሜው ልክ ሁለት ዓመት ነው፤ እዚህ አካባቢ በብዛት የሚመጣው በጎዶሎ ቁጥር በሚያልቁት የፈረንጆች ዓመታት ነው። ትንሽ ሮዝ ጂግ ይበቃዋል። ልጆቼን ወንዝ ያስለመድኳቸው በእሱ ነው።

ብርሃኑ፦ ለልጅ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ሰናይት፦ ወደ ትራውት እንሂድ። ተራራውን ተሻግረን ያኪማ ወንዝ።

ብርሃኑ፦ አዎ፣ ከሲያትል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድተሽ ክሌ ኤለም ትደርሻለሽ። ከሮዛ ግድብ በላይ እስከ ኢስተን ድረስ ትራውት ተይዞ ይለቀቃል፤ ትል ወይም ሌላ ምግብ መንጠቆ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። በዚህ ሰሞን ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በጋውን ሙሉ የላይኛው ያኪማ ለእርሻ መስኖ ከግድቦቹ ስለሚለቀቅበት ሞልቶ ይፈሳል። በመስከረም መግቢያ ላይ ይቀንሱታል። ምክንያቱ ቺኑክ ሳልሞን ነው፤ ውኃው ከፍ ብሎ ሳለ ዳር ላይ ዕንቁላሉን ከጣለ፣ በብርዱ ወራት ውኃው ሲጎድል ዕንቁላሉ ደረቅ ጠጠር ላይ ይቀራል። ውኃው ሲቀንስ ዓሣ አጥማጁም እግሩን ማስገቢያ ያገኛል፤ ትራውቱም የት እንደሚቆም ይለያል።

ሰናይት፦ የት ይቆማል?

ብርሃኑ፦ ፈጣኑና ዝግ ያለው ውኃ የሚገናኙበት መስመር ላይ። ልብ ብለሽ ካየሽ አረፋ ተሰልፎ የሚሄድበት ነው። ትራውት ጉልበቱን መቆጠብ ይፈልጋል፤ ዝግ ያለው ውስጥ ይቆምና ፈጣኑ የሚያመጣለትን ነፍሳት ጎንበስ ቀና እያለ ይለቅማል። ገበታ ዳር እንደተቀመጠ ሰው ቁጠሪው። ምን እየበላ እንደሆነ ለማወቅ ከወንዙ አንድ ድንጋይ አንሥተሽ ገልብጪ። ከሥሩ የተጣበቁትን ትናንሽ ነፍሳት መጠናቸውንና ቀለማቸውን አይተሽ፣ ከሣጥንሽ የሚመስለውን ሰው ሠራሽ ዝንብ ምረጪ። አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውኃው በታች ስለሆነ፣ የምትሰምጠዋ ከምትንሳፈፈዋ ይልቅ ብዙ ቀን ትሠራለች።

ሰናይት፦ እዚህ ላይ ከሳልሞን ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ለሳልሞን ነቅ ነቅ እናደርጋለን፤ ለትራውት ዝንቧ በራሷ እንደምትሄድ መምሰል አለባት። ክሩ ከጎተታት ትራውቱ ያውቃል። እኔ ወርውሬ እንደጨረስኩ ክሩን ወደ ላይኛው አቅጣጫ እገለብጠዋለሁ፤ ያቺን ሁለትና ሦስት ሰከንድ ነጻ መንሳፈፍ ለማግኘት ብዬ ነው።

ብርሃኑ፦ ደግሞም ቀጭን ክር። ለኮሆ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚችል ክር ካሰርሽ፣ ለትራውት 4 ወይም 5 ይበቃል። ቋጠሮውን ከማጥበቅሽ በፊት በምራቅ አርጥቢው፤ ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ክሩን ይፈትገዋል። በበጋ የውኃው ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ከተጠጋ ደግሞ ዘንጌን አጥፌ እመለሳለሁ። በሞቀ ውኃ ኦክስጅን ያንሳል፤ የለቀቅሽው ትራውት ዋኝቶ ይሄድና ከዓይንሽ ርቆ ይሞታል።

ሰናይት፦ በአገራችንም ትራውት አለ መባሉን ብዙ ሰው አያውቅም።

ብርሃኑ፦ በባሌ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ከፍታውና ቅዝቃዜው ተስማማው።

ሰናይት፦ ባስን በአጭሩ እንጨርሰው፤ የእኔ ፍቅር እዚያ ላይ ብዙ አይደለም።

ብርሃኑ፦ የእኔም ቢሆን፤ ግን ለቁም ነገር ያህል። እዚህ በኮሎምቢያና በስኔክ ወንዞች ያለው ስሞልማውዝ ባስ ነው። የትውልድ አገሩ ከምሥራቁ አሜሪካ ነው፤ ወደዚህ ሰው ነው ያመጣው። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ አዙሪት ውስጥ ያደፍጣል። በጣም የሚወደው ክሬይፊሽን፣ ያንን ባለ መቆንጠጫ የወንዝ ፍጡር ነው፤ ስለዚህ ቡናማ ላስቲክ ከታች ድንጋይ ለድንጋይ እያንቀረፈፍሽ ሳቢለት። ወደ ባሕር የሚወርዱትን የሳልሞን ጫጩቶችም ይበላል። ስለዚህ እሱን ይዤ ወደ ቤት ስወስድ ልቤ አይከብደኝም።

ሰናይት፦ ልብ የሚከብድበትንም እናንሣ። ክንፉን የማየት ጉዳይ።

ብርሃኑ፦ አዎ። ከጀርባው በስተኋላ፣ ጅራቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሥጋማ ክንፍ አለች። በማርቢያ ጣቢያ ያደገ ሳልሞን በልጅነቱ ትቆረጥበታለች። ክንፏ ካለች ዓሣው ዱር ያፈራው ነው ብለሽ ያዢው፤ በብዙ ወንዞችም መለቀቅ አለበት። የፒዩጀት ሳውንድ፣ የዚህ የሲያትሉ ባሕር ማለት ነው፣ ቺኑክ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ጋር ተመዝግቧል። የሚለቀቀውን ሳልሞን ፎቶ ለመነሣት ብሎ ሙሉ በሙሉ ከውኃ ማውጣት በዚህ ስቴት ወንዞች ሕገ ወጥ ነው። መንጠቆ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ የተሰቀለበትም ይለቀቃል። የመንጠቆሽን እሾህ በጉጠት ጨፍልቂው፤ በብዙ ቦታ ግዴታ ነው፣ ግዴታ ባልሆነበትም እኔ አደርገዋለሁ። ደንቡ በወቅቱ መሐል ስለሚቀየር ከቤት ከመውጣት በፊት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ማንበብ ነው።

ሰናይት፦ እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ በጣና ውስጥ በዓለም የትም የማይገኙ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ ዕንቁላላቸውን ጠጠር ላይ ይጥላሉ። እንደ ሳልሞን ማለት ነው። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ ግን ገና ያልወለደው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይያዛል። የባርበሱ ቁጥር በጣም የቀነሰው በዚህ ጭምር ነው። እዚህ አገር መጥቼ ለአንዲት ትንሽ ክንፍ ይህን ያህል ሲጨነቁ ሳይ ጉማራ ትዝ ይለኛል፤ ያንገበግበኛል።

ብርሃኑ፦ እዚህም ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ውል ላላቸው ነባር ሕዝቦች እንዲሆን የወሰኑት ከስንት እስርና ግጭት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን ያሉ ተመራማሪዎች ኮሆን በከተማ ጅረቶች ውስጥ የሚገድለውን አገኙት፤ ከመኪና ጎማ ብናኝ የሚመጣ ኬሚካል ነው። ዝናብ ከመንገድ ጠርጎ ወደ ጅረት ያስገባዋል፤ ዓሣው በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እኔ ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ዜናውን መንገድ ዳር አቁሜ ነው የሰማሁት፤ ለረጅም ጊዜ መንዳት አልቻልኩም።

ሰናይት፦ ከመለያየታችን በፊት፣ ስለ ደኅንነት የስካይኮሚሹን ይንገሯቸው።

ብርሃኑ፦ ከበረዶ የሚወርድ ውኃ ነው። ዓሣው ማዶ ዘለለ ብዬ እስከ ወገቤ ገባሁ። ከሥሬ ጠጠሩ ሸሸ፤ የላስቲክ ሱሪዬ ውኃ ሞላ፣ ሃምሳ ሜትር ያህል ወሰደኝ። ያዳነኝ የወደቀ ግንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀበቶ ሳላጠብቅ፣ ምርኩዝ ሳልይዝ፣ ብቻዬን አልገባም፤ ከጉልበቴም አላልፍም።

ሰናይት፦ ስለዚህ ቅዳሜ ሁለታችንም እንሄዳለን። ሐሙስ ዝናብ አለ ተብሏል።

ብርሃኑ፦ ዓርብ ማታ የወንዙን መጠን አይቼ እደውልልሻለሁ። መጉደል ከጀመረ ከሌሊቱ 10 ሰዓት በርሽ ላይ ነኝ። ፀሐይ ውኃው ላይ ካረፈች በኋላ ኮሆው አፉን ይዘጋል። ጥቁርና ሐምራዊዎቹን ጂጎች አስቀድመሽ እሠሪያቸው፤ በጨለማ ቋጠሮ አይታይም።

ሰናይት፦ ቡናውን እኔ በፔርሙስ እይዛለሁ።