ባሕሩ የት ሄደ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከቤት ነው። ሀዋሳ፣ መስኮት ከፍቼ። ከጀርባ ባጃጅ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ ሙቀቱ መስኮት የሚያዘጋ አይደለም።

ዛሬ ስለ ባሕር መጻሕፍት ላወራችሁ ነው። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን። የማውቀው ሐይቅ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ከሀዋሳ ሐይቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። ከጥቁር ውሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። ያም ሆኖ ጨዋማ አይደለም። ሰው ያጥብበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ዓሳ ይወጣበታል። ማዶው ደግሞ ይታያል። እኔ ባሕርን የማስበው ማዶው የጠፋ ሀዋሳ ሐይቅ አድርጌ ነበር።

ቋንቋችንም ቢሆን አያግዝም። ጣና ሐይቅ ነው፣ ከተማው ግን ባሕር ዳር ነው። ከደጃችን የቆመው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ስለሆነ። ውጭ አገር የሄደ ዘመድ ባሕር ማዶ ነው ያለው፣ በአውሮፕላን ቢሄድም። ዕንቁውን ደግሞ ዕንቈ ባሕርይ እንለዋለን። ባሕሩን ሳናየው በየቃሉ ውስጥ አስቀምጠነዋል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰማነውም በዮናስ ታሪክ ነው። በጾመ ነነዌ ሰሞን አያቴ ስትተርክልኝ እኔን የሚያስጨንቀኝ ዓሣ አንበሪው አልነበረም። መርከበኞቹ ናቸው። ዕቃውን ሁሉ ወደ ባሕር ሲጥሉት፣ የሰው ዕቃ ነው እኮ፣ ባለቤቱን ምን ሊሉት ነው እል ነበር።

ይህ ጥያቄ የመጣው ከቤት ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እስከ 1990 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ፣ አሰብ ይመላለስ ነበር። እኔ ባሕርን በወረቀት ሳነብ፣ ባሕሩን በዓይኑ ያየ ሰው እዚያው ሳሎን ተቀምጦ ቡና ይጠጣል ማለት ነው። ግን አያወራም። "አባዬ፣ ባሕሩ ምን ይመስላል?" ስለው "ይሞቃል" ይለኛል። ሌላ ቀን ስጠይቀው "ብረት ይበላል" አለኝ። የባሕሩ አየር ጨው ስላለው መኪናዋን ያዝግባታል። ሲመለስ፣ ሚሌ ላይ፣ ከምሳ በፊት መኪናዋን ነበር የሚያጥበው። ከእሱ ያገኘሁት ባሕር ይኸው ነው፤ ሙቀትና ዝገት።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሮቢንሰን ክሩሶን ተዋስኩ። ዳንኤል ዴፎ እ.ኤ.አ. በ1719 ያሳተመው ነው። እኔ ያገኘሁት ለተማሪ ያጠረውን፣ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ነው። መርከቡን ማዕበል ይመታዋል። ሰውየው ብቻውን ተርፎ ዛፍ ላይ ያድራል። በማግስቱ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ወደ ባሕሩ ያያል። ውሃው ሸሽቷል። ትናንት ሊውጠው የነበረ ባሕር ርቆ ሄዷል፣ እሱም ወደ መርከቡ ብዙውን መንገድ በእግሩ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ቆምኩ። ደግሜ አነበብኩት። ውሃው የት ሄደ?

የእኛ ሐይቅ ይሸሻል፣ እሱን አውቃለሁ። ግን በበጋ ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይመለሳል። በአንድ ሌሊት የሚሸሽ ውሃ አላውቅም። ስለዚህ ክሩሶ ወራት የተኛ መሰለኝ። ከነሐሴ እስከ ጥር ዛፍ ላይ የተኛ ሰው! ወደ አባቴ ሄድኩ። "አባዬ፣ ባሕር ይሸሻል እንዴ?" አልኩት። "ባሕር ወዴት ይሸሻል!" አለኝ። በቃ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል ብዬ መለስኩት።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሥራ ከያዝኩ ወዲያ ነው። ሬቸል ካርሰን የምትባል አሜሪካዊት የባሕር ሕይወት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመችው መጽሐፍ አለ፣ በዙሪያችን ስላለው ባሕር። እዚያ ውስጥ ጨረቃን አገኘኋት። ጨረቃ ውሃውን ትስበዋለች፣ ፀሐይም በአቅሟ ታግዛለች። ምድር ስትዞር በአብዛኛው የባሕር ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል፣ ጨረቃዋ ራሷ ስለምትዘገይ። ሙሉ ጨረቃ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱ ይበረታል። ሐይቅ ላይ ይህ ለዓይን አይታይም፤ ውሃው ትንሽ ነው። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ የሚባል የባሕር ሰላጤ ግን አለ። እዚያ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። የሀዋሳ ሐይቅ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እስቲ አስቡት፤ ሐይቃችን ጠዋት ሊደርቅ ትንሽ ቀርቶት፣ ከሰዓት ሲሞላ!

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ክሩሶ ተኝቶ የነበረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የባሕር መጽሐፍ ካገኘሁ አላልፍም። ባሕርን ለማድነቅ ብቻ የተጻፈ ግን ብዙም አይዘኝም። ሰማያዊ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ልብ ያረጋጋል ይልና ያልቃል። የሚይዘኝ ባሕር ላይ ሥራ ያለው ሰው ያለበት ነው። የሚያጠምድ፣ የሚጭን፣ የሚቆጥር። ለዚህ ነው የአሜሪካዊውን ደራሲ የሄሚንግዌይን ሽማግሌ ዓሳ አጥማጅ የምወደው። እ.ኤ.አ. በ1952 የታተመ፣ ቀጭን መጽሐፍ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሳ ገበያ፣ ሄጄ ታሪኩን ለአንድ ዓሳ አጥማጅ ነገርኩት። መረቡን እያራገፈ ነበር። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ እየላጡ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከኋላ ተሰልፈው ፍርፋሪ እየጠበቁ።

"ጋሼ፣ 84 ቀን አንድ ዓሳ ያልያዘ ሰው ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን በላ?"

"ምግብ የሚያመጣለት ልጅ አለ። ድሮ አብረው ነበር የሚወጡት። አርባ ቀን ባዶ ሲገቡ ቤተሰቦቹ ከለከሉት። ሳላኦ ነው አሉት ሽማግሌውን፣ በስፓኒሽ።"

"ገደ ቢስ ነው አሉታ" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እኔ ለዚያ ቃል የአማርኛ አቻ ስፈልግ ከርሜ ነበር። እሱ መረብ እያራገፈ ሰጠኝ።

ቀጠልኩ። ዓሳው ከጀልባው እንደሚረዝም ስነግረው የራሱን ጀልባ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ለካት። "በመረብ ለምን አልያዘውም?" አለ። በመንጠቆና በገመድ ብቻ፣ በእጁ እንደያዘው ነገርኩት። መዳፉን ገልብጦ አየው። ሻርኮቹ መጥተው ዓሳውን እንደበሉት፣ ሽማግሌው አጽሙን ብቻ ጎትቶ እንደገባ ስነግረው ሥራውን አቆመ። "ያን ያህል ደክሞ ሚዛን ላይ የሚያወጣው አጣ?" አለኝ። "አጣ" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ከቆሮሶዎቹ አንዱን መርጦ በወረቀት ጠቀለለልኝ። ገንዘብ አልተቀበለኝም።

ያን ዕለት አባቴ ትዝ አለኝ። ለዚህ ሰው የሚሆን መጽሐፍ ካለ፣ ለአባቴም የሚሆን አይጠፋም አልኩ።

አገኘሁ። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከግብፅ የመጣ ስሙ ያልታወቀ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው ነው። ፔሪፕለስ ይሉታል፣ የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞ። በዚያን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት ቀይ ባሕርን ብቻ አይደለም፣ የሕንድ ውቅያኖስንም ነው። ሰውየው ስለ ውበት አንድ መስመር አያባክንም። የትኛው ወደብ፣ ምን ይሸጣል፣ ምን ይገዛል፣ ከዚህ እዚያ ስንት ቀን። ስለ ጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ ስለ አዱሊስ ሲጽፍ ወደ አክሱም መንገድ ይገባል። እራት ከበላን በኋላ ለአባቴ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት።

"ከአዱሊስ ኮሎኤ ሦስት ቀን። የመጀመሪያው የዝሆን ጥርስ ገበያ እዚያ ነው። ከኮሎኤ አክሱም ሌላ አምስት ቀን።"

"ባዶውን ነው ጭኖ?" አለኝ።

ስለ ባሕር ሳወራው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። መጽሐፉ አይልም አልኩት። ዝርዝሩን ቀጠልኩ። የሚገባው ከግብፅ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ለጦርና ለመጥረቢያ የሚሆን ብረት፣ ጥቂት ወይን፣ ጥቂት የወይራ ዘይት። የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊት፣ የአውራሪስ ቀንድ። አባቴ በጣቱ ይቆጥራል። "መውጫው ከመግቢያው ይቀላል" አለ። ንጉሡ ዞስካለስ ገንዘብ ላይ ቆጣቢ፣ ሁልጊዜ ተጨማሪ የሚሻ፣ በሌላው ግን ጨዋና የግሪክ ጽሕፈት የሚያውቅ ነው ይላል ጸሐፊው። "ቀረጥ ላይ አይለቅም ነበር ማለት ነው" አለ አባቴ። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ወደብ አሰብ አድርጎ እየሰማው ነበር።

እኔም ልቤ ሞላና የጨረቃዋን ነገር አነሳሁለት። ክሩሶን፣ ሙላቱን፣ ሽሽቱን። ያኔ ስድስተኛ ክፍል ሆኜ የጠየቅሁትን።

ዝም አለ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አንድ ጊዜ" አለ፣ "ጭነት ዘግይቶብን ወደቡ አጠገብ አደርን። ማታ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ነበሩ። ጠዋት ስነቃ ጭቃው ላይ ጋደም ብለዋል። ሰዎች በሌሊት ጎትተው ያወጧቸው መሰለኝ። ይሄን ሁሉ ጀልባ ማን ጎተተው እያልኩ ገረመኝ። ረዳቴን እንኳ አልጠየቅሁትም።"

"ማንም አልጎተተም አባዬ።"

"ጨረቃ ናት?"

"ጨረቃ ናት።"

ተነስቶ በረንዳው ላይ ወጣ። በሐይቁ በኩል ሰማዩ ገና ጨለማ ነበር።

"ዛሬ ጨረቃዋ ስንት ቀኗ ነው?" አለኝ።