አዳማ መሐል ከተማ፦ እርሾውን አትድፉት

[ምስል፦ አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ። ከሰዓት በኋላ። ባጃጆች ይተላለፋሉ።]

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ አዳማ ነኝ። ናዝሬት የምትሉም አላችሁ፣ አልጣላችሁም። ሙቀቱ ግን ከሁላችንም ጋር ተጣልቷል። ካሜራ የያዘው ልጅ ጥላ ሥር ቆሟል፣ እኔ ፀሐይ ላይ። ይሁን።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ባቡርና ፋብሪካ ያሳደጉት ከተማ ሲያረጅ፣ መሐሉ እንዴት እንደገና ነፍስ ይዘራል? መሐሉ ነው ያልኩት። ዳር ዳሩማ እያደገ ነው።

ታሪኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ከጂቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ። በዚህ አለፈ፣ ጣቢያ ቆመ፣ ጣቢያው ዙሪያ ሰው ሰፈረ፣ ሰው ባለበት ገበያ ወጣ። በ1954 ሆላንዶች እዚህ አጠገባችን ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ከፈቱ። በ1962 ወንድሙ የሸዋ ስኳር ፋብሪካ ተጨመረ። ከተማዋ ላይ ስኳር ተነሰነሰባት ማለት ነው።

ከዚያስ? አሮጌው ባቡር ቆመ። የወንጂ አሮጌ ፋብሪካዎች ተዘግተው በአዲስ ተተኩ። ፈጣን መንገዱ በ2014 ተከፈተ፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2016 ተመረቀ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2018። ሦስቱም ደግ ነገር ናቸው። ሦስቱም ግን ያረፉት ከአሮጌው መሐል ውጭ ነው። ድሮ ከባቡር የወረደ መንገደኛ እግሩ የሚረግጠው ከተማዋን ነበር። ዛሬ ወርዶ መጀመሪያ የሚፈልገው ባጃጅ ነው።

እሺ። አሁን ወደምወደው ነገር እንሂድ። እንጀራ።

"እንዴ፣ ስለ ከተማ አልነበረም እንዴ የምታወራው?" አትበሉኝ። ታገሡኝ።

እናታችሁ ስታቦካ አይታችኋል? ዱቄቱ አለ፣ ውሃው አለ፣ ቡሃቃው አለ። ሊጥ ሆነ? ሆነ። ግን ካለፈው ሊጥ የተረፈች እርሾ ትፈልጋለች። እርሾ ደግሞ ስታዩዋት አታምርም። ቢጫ ነገር ናት፣ ትቀጥናለች፣ ትሸታለች። የማያውቅ ሰው "ይሄ ተበላሽቷል፣ ይደፋ" ይላል።

ያ የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ተማሪ ሆኜ እናቴን ላስደስት ብዬ ቡሃቃውን አጠብኩት። በሳሙና! ፈትጌ ፈትጌ አሳመርኩት። እማዬ ስታየው ያለችኝን ለቻናሉ ደህንነት ስል አልናገርም። የዚያን ሳምንት እርሾ ከጎረቤት ለመንን።

አሁን ጎዳናውን እዩት። ይሄ ባለ ቆርቆሮ ሱቅ፣ ይሄ ሰዓት ጠጋኝ፣ ይሄ ልብስ ሰፊ፣ ይሄ ጁስ ቤት። እርሾ ናቸው። ያረጁ ናቸው፣ አያምሩም፣ ግን ኪራያቸው ይቀመሳል። ነገ አዲስ ሥራ የሚሞክር ልጅ የሚጀምረው እዚህ እንጂ አራተኛ ፎቅ ላይ አይደለም። መሐሉን በሳሙና ካጠብነው ቡሃቃው ያምራል። ሊጡ ግን ኩፍ አይልም። ከተማ ደግሞ እርሾ የሚያበድር ጎረቤት የለውም።

ዓይኑስ? እንጀራ ዓይን ከሌለው ምን ዋጋ አለው? የጎዳና ዓይን በር ነው። እዚህ በየጥቂት እርምጃው በር አለ። አንዱ ቡና፣ አንዱ ጫማ፣ አንዱ የስልክ ካርድ። አሁን አዲስ ሕንፃ ሥር ኑ። ምን አለ? ባንክ። ቀጥሎስ? ሌላ ባንክ። ረጅም መስታወት፣ አንድ በር፣ አንድ ጥበቃ። ማታ ተዘግቶ ሰፈሩ ጭር ይላል። ይሄ አፍለኛ እንጀራ ነው። ባንክ ጠልቼ አይደለም፤ እንዲያውም ስፖንሰር መሆን የሚፈልግ ባንክ ካለ በሩ ክፍት ነው። የእኛ በር ማለቴ ነው።

አብሲቷንም ያዙልኝ። ከሊጡ ትንሽ ተቀንሶ፣ በፈላ ውሃ በስሎ፣ ተመልሶ እዚያው ሊጥ ውስጥ የሚገባው። እመለስባታለሁ።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የተመልካቾች ኮሜንት]

ስለ ቢልባኦ ካወራን ወዲህ አንድ ኮሜንት በየመልኩ ይመጣል። "ወንድሜ፣ ቢልባኦን ያነሣት አንድ ሙዚየም አይደል? ለአዳማም አንድ ትልቅ ነገር ይሠራላት፣ አለቀ።" አላለቀም! ይሄን ጉዳይ ዛሬ እልባት ካልሰጠሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቢልባኦ ስፔን ውስጥ፣ ባስክ አገር ያለች የብረትና የመርከብ ከተማ ናት። በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቿ ተዘጉ፣ ወንዟ ቆሽሾ ነበር፣ በ1983 ደግሞ ጎርፍ አጥለቀለቃት። በ1997 ጉገንሃይም ሙዚየም ተከፈተ፣ ዓለም ጉድ አለ። ፎቶው ያምራል፣ እኔም አይቼ አፌን ከፍቻለሁ። ግን ከዚያ በፊት ምን ነበር? ወንዙን ማጽዳት የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ወጪውም ከሙዚየሙ ብዙ እጥፍ ነበር። የከተማዋ ሜትሮ በ1995 ሥራ ጀምሯል። ትራሙ በ2002 ተከተለ። ሙዚየሙ እንጀራው ነው። ሊጡ ሲቦካ ማንም ካሜራ ይዞ አልመጣም።

ሌሎች ከተሞች ደግሞ እንጀራውን ብቻ አይተው ሞከሩት። ምጣዱን ጥደው ሊጡን ረሱት። "ታዲያ ሙዚየሙ አልረዳም ወይ?" ረድቷል! በጣም ረድቷል። ብቻውን አላደረገውም ነው የምለው። ኮሜንት ላይ እንዳልገደፍኩት ይመዝገብልኝ።

አሁን ቴክኒኩ፣ መሬቱና ገንዘቡ እንዴት እንደተገኘ። ቶሎ ቶሎ ልበለው። በ1992 ቢልባኦ ሪያ 2000 የሚባል የመንግሥት ኩባንያ ተቋቋመ። ማዕከላዊው መንግሥት፣ የባስክ አስተዳደር፣ ከተማዋ፣ የባቡርና የወደብ ድርጅቶች ገቡበት። ሥራ የፈታ የባቡርና የወደብ ቦታ በአንድ እጅ ሆነ። የቦታው አገልግሎት ተቀየረ፣ መሠረተ ልማት ገባ፣ ዋጋው ጨመረ፣ በከፊል ተሸጠ። ገንዘቡስ? ተመልሶ ወደ ሌላው ሰፈር። አብሲት! ይኸው ተመለስኩባት። የከተማው መሬት የከተማውን መሬት አነሣ።

እኛ ጋ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚተላለፈውም በሊዝ። ስለዚህ መሣሪያው በእጃችን ነው። ግን ሰፊ ቦታ ባንድ ጨረታ ከወጣ፣ የሚያሸንፈው ትልቅ ብር ነው። ትልቅ ብር ትልቅ ሕንፃ ይሠራል፣ ትልቅ ሕንፃ ትልቅ ኪራይ ይጠይቃል፣ ትልቅ ኪራይ የሚችለው ማነው? ባንክ። ዞረን መጣን።

የእኔ ሐሳብ ይኸውላችሁ። የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ አይሰጥ። በትንሽ በትንሽ ይቆረጥ፣ ሥሩ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ ይሁን። መኖሪያውን ያዙልኝ፤ ማታ ጎዳናው የሚሞቀው ከላይ የሚያድር ሰው ሲኖር ነው። የኮሪደር ልማት አስፋልቱንና መብራቱን ያሳምራል፣ ለእግረኛም ይመቻል። ግን በእግረኛ መንገዱ የሚሄደው ሰው የሚገባበት በር ይፈልጋል። የሚነሣው ሰዓት ጠጋኝም እዚያው ሰፈር፣ በሚችለው ኪራይ ቦታ ያግኝ። ይሄን ስል "አሮጌ ነገር ወዳጅ" ትሉኛላችሁ። መጸዳጃ የሌለው፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ይቀመጥ አላልኩም። ቡሃቃው ይለቅለቅ፣ እርሾዋ በጣሳ ትቀመጥ።

ስብሰባስ? አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ አበል የበላችሁ ታውቃላችሁ። ሆቴሉ ይሞላል፣ ሰው ግን ከአዳራሽ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ አዳራሽ ነው። ፈጣን መንገዱ ስላለ ደግሞ ማታውኑ አዲስ አበባ የሚገባም አለ። ይሄን ሰው ከሆቴሉ አውጥቶ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያንሸራሽር መሐል ከተማ ያስፈልጋል። ምሽቱ ደግሞ ተባርኳል፣ ፀሐይዋ ከጠለቀች አዳማን የመሰለ የለም።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩ። በሚቀጥለው ባቡሩ በተከላት በድሬዳዋ ነን፣ ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች። እስከዚያ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ እናንተ ከተማ መሐል ላይ ሁልጊዜ የምትገቡባት በር የቷ ናት? እኔ አሁን ጁስ ቤቱ እገባለሁ። የካሜራው ልጅ ቀድሞኝ አቮካዶ አዝዟል።